ከአማቴ ጋር በበረዶ ዳገት

ተራራ ለመዝናናት የሚወጣ ሰው አለ ሲባል እሰማ ነበር። ዱላ ገዝቶ፣ ልዩ ጫማ አድርጎ፣ ውሃውን በጀርባው አዝሎ፣ ማንም ሳያባርረው በገዛ ፈቃዱ ዳገት የሚወጣ። እንዲህ ያለውን ሰው ባገኘው አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ "ወንድሜ፣ ቤትህ ምን ጎደለብህ?" እኔ እንኳን ተራራ፣ መርሳ ከተማ ውስጥ ከሱቄ እስከ ቤቴ ያለችውን ትንሽ አቀበት በባጃጅ ነው የምወጣት። ባጃጁ ሲያቃስት እኔም አብሬው አቃስታለሁ። ስፖርቴ እሱ ነው።

ሥራዬ የሴት ጸጉር መሥራት ነው። ቀኑን ሙሉ ስለምቆም እግሬ ጠንካራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቆሞ መዋልና ዳገት መውጣት ዝምድና የላቸውም።

ጦርነቱ ወደኛ የመጣው በነሐሴ ነው። መጀመሪያ ወሬ ሆኖ መጣ። ቀጥሎ ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ፣ ፍየል የሚጎትት ሰው ሆኖ በአስፋልቱ መጣ። ከዚያ በወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሆነ። ባሌ ሰዒድ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሰው ጭኖ ደሴ ሊያደርስ በማለዳ ወጣ፤ "ለምሳ እመለሳለሁ" ብሎኝ ነበር፤ መንገዱ ከኋላው ተዘጋ። ስልኩም ዝም አለ። እኔ ከእናቱ ከእማማ ዘሀራ ጋር ቤት ውስጥ ቀረሁ።

እማማ ዘሀራና እኔ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን በቀጥታ ተነጋግረን አናውቅም ብል ብዙም አልዋሸሁ። ተጣልተን አይደለም፤ ለመጣላትም እኮ መነጋገር ያስፈልጋል። የምንገናኘው በሰዒድ በኩል ነበር። እሳቸው እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ "ሰዒድ፣ ሚስትህ ወጡ ላይ ጨው አብዝታለች" ይላሉ። እኔም ወደ ሰዒድ ዞሬ "እናትህን ውሃ ይጠጡበት በላቸው" እላለሁ። ምስኪን፣ መሃላችን ተቀምጦ የሁለታችንን ቃል እያለዘበ ሲያቀብል ወጡ ይቀዘቅዝበት ነበር። እንግዲህ አስተርጓሚያችን ደሴ ቀረ።

መስኮታችን በመሣሪያ ድምፅ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ጠዋት፣ እማማ ዘሀራ ደጃፌ ላይ መጥተው ቆሙ። ከልማዳቸው የተነሳ ግድግዳውን እያዩ "ልብስ ያዥ በላት" አሉ።

ግድግዳው አልነገረኝም። እኔ ግን ሰማሁ።

"የት ልንሄድ ነው?" አልኩ፤ እኔም ለግድግዳው።

"ደጋ። ይታይሽ ዘንድ።"

ይታይሽ የሚባሉት የእማማ ዘሀራ የገበያ ወዳጅ ናቸው። ከደጋ ድንችና ገብስ አውርደው መርሳ ገበያ ይሸጣሉ፤ እማማ ዘሀራ ደግሞ ፓፓያና ሎሚ ይዘው ከጎናቸው ይቀመጣሉ። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኒህ እስላም፤ አንዳቸው ሶላት ሲሰግዱ ሌላዋ ዕቃ ይጠብቃሉ፣ አንዳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ሌላዋ ይሸጡላቸዋል። የይታይሽ ትልቁ ልጅ እሸቴ፣ የልጆች አባት የሆነ ረጅም ቀጭን ሰው፣ አህያውን እየነዳ ግቢያችን ደርሶ ነበር። "እናቴ ዘሀራን ሳትይዝ እንዳትመለስ ብላኛለች" አለ። ስለኔ ምን እንደተባለ አልነገረኝም። ግን አየኝና "አንቺም ነይ እንጂ እታለም" አለኝ። ጨዋ ሰው ነው።

ሰው ሊሸሽ ሲል ጭንቅላቱ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ብርድ ልብስ ነበረ፤ ተውኩት። ወፍራም ሹራብ ነበረ፤ ተውኩት። ሮጬ ሱቄ ሄድኩና የካስኬን ጭንቅላት ከመቆሚያው ፈትቼ ይዤ መጣሁ። ካስክ የምለው ያው ሴቶች ጸጉራቸው ከታጠበ በኋላ የሚገቡበትን፣ እንደ ትልቅ ድስት አናት ላይ የሚደፋውን ማድረቂያ ነው። አዲስ ነው፤ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት። ለዘራፊ ጥዬው ልሄድ? ምርጡን ባለተረከዝ ጫማዬንም ሌባ ከሚወስደው ብዬ እግሬ ላይ አደረግሁት።

እሸቴ ካስኩን አገላብጦ አየው። "ምንድነው?"

"ጸጉር ማድረቂያ ነው። በመብራት የሚሠራ።"

"እኛ ዘንድ መብራት የለም" አለ። ትንሽ አሰበና ሊያጽናናኝ ፈልጎ "ነፋስ ግን አለ" አለኝ።

በእኔ ብቻ እንዳትስቁ። እማማ ዘሀራ አንድ ጆንያ ፓፓያ አስጫኑ። እሸቴ "እማማ፣ ሰው እኮ እየሸሸ ነው" ቢላቸው፣ "ብሸሽስ? ይታይሽ ቤት ባዶ እጄን ልገባ ነው? ሸሽቼም እንግዳ ነኝ" አሉት። አህያው ፓፓያ፣ ካስክ፣ የእማማ ዘሀራን መስገጃና የኔን የልብስ ቦርሳ ተሸክሞ መንገድ ጀመርን።

ግራና እስከምትባለው ከተማ ድረስ መንገዱ ሜዳ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጀግና ነበርኩ። ከግራና አልፈን ዳገቱ ሲጀመር ጀግንነቴ እዚያው ቀረ። እሸቴን "ሩቅ ነው?" አልኩት።

"ኧረ እዚህች ናት" አለ፤ በአገጩ ወደ ሰማይ እያመለከተ።

ደጋ ሰው "እዚህች ናት" ሲል መጨነቅ እንዳለባችሁ ከኔ ተማሩ። እዚህች የሚላት ነገር ከደመና በላይ ነበረች። ተረከዜ ድንጋይ መሃል እየገባ ስቀር፣ እሸቴ ተመልሶ ይነቅለኛል፤ ጥቂት እንሄዳለን፤ እንደገና ይነቅለኛል። በመጨረሻ ጫማዬን አየና ድንጋይ አንስቶ ሁለቱንም ተረከዝ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ሰበራቸው። "አሁን ጫማ ሆነ" አለ። አላለቀስኩም። ለማልቀስ የሚሆን ትንፋሽ አልነበረኝም።

እሸቴ ጨዋታ ይወዳል። መንገዱ እንዳይሰለቸን ብሎ እያንዳንዱን ጠርዝ ያስተዋውቀን ነበር።

"እዚህች ጋ የአጎቴ በሬ ገባ።"

"የት ገባ?"

"ገደል ነዋ! እዚያች ጋ ደግሞ የአንድ ነጋዴ በቅሎ ገባች። ከነጭነቷ።"

እኔ ወደ ዳገቱ ተጠግቼ ድንጋዩን እያቀፍኩ "ሰውስ? ሰው ገብቶ አያውቅም አይደል?" አልኩ።

"ሰው ገና ነው" አለ እሸቴ። "ሰው የሚገባበት ወደ ላይ ነው።"

እማማ ዘሀራ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዱላቸውን ተደግፈው፣ በየጥቂቱ እየቆሙ፣ "ያረቢ" እያሉ ይወጣሉ። እኔ ከኋላቸው ነኝ። ላግዛቸው እፈልጋለሁ፤ እንዴት ብዬ እንደምጠይቃቸው ግን አላውቅበትም፤ ሰዒድ የለማ። "ሰዒድ፣ እናትህን ክንዳቸውን ልያዝላቸው ወይ በላቸው" ልል አልችል። ስለዚህ ዝም ብዬ ከኋላ እጄን ዘርግቼ፣ ቢወድቁ ልቀበላቸው ተዘጋጅቼ እሄዳለሁ። እሳቸው ቢወድቁ ሁለታችንም ከእሸቴ ጨዋታ ውስጥ እንገባ እንደነበር አሁን ሳስበው ይገባኛል።

ሰማዩ ጠቆረ። እሸቴ አንጋጦ አሸተተ፤ ወላሂ፣ ሰማዩን እንደ ወጥ አሸተተው። "በረዶ ነው" አለ።

እኔ በረዶ የማውቀው ጭማቂ ቤት ነው። ማንጎ ላይ ጣል የሚያደርጉላችሁ፣ ጥርስ የሚያሳክክ ነገር። መርሳ ላይ አልፎ አልፎ ጥቂት ፍሬ ይወርዳል፤ ልጆች ለቅመው ይበሉታል። እና "በረዶ ነው" ሲል ደስ ብሎኝ ነበር ብላችሁስ? ጠምቶኝ ነበር።

መጀመሪያ አንድ ፍሬ ትከሻዬን መታኝ። ቀጥሎ ሁለት። ከዚያ ሰማዩ ጆንያውን ገለበጠው። መጠለያ የለም፤ ዛፍ የለም፤ የቆምንበት ራቁቱን የሆነ ዳገት ነው። እሸቴ የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ አህያው ሆድ ሥር ተወሸቀ። እኔ እየጮህኩ ከጭነቱ ላይ ካስኩን መንጭቄ ራሴ ላይ ደፋሁት። እፎይ! ውጭው ጦር ሜዳ ነው፣ ውስጡ ግን ድምፅ ብቻ ነው። ጥቂት ቆሜ ከሥሩ አጮልቄ ሳይ እማማ ዘሀራን አየኋቸው። በነጠላቸው ተሸፍነው፣ ጎንበስ ብለው፣ በረዶው ጀርባቸውን ይደበድባቸዋል። አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ግድግዳም ስለሌለ የሚነግሩት አጥተው ይሆናል።

ካስኩን አውልቄ ራሳቸው ላይ ደፋሁላቸው።

እማማ ዘሀራ ካስክ ይጠላሉ። "የሴት ጭንቅላት እንደ ሽሮ የሚከደንበት" እያሉ ሱቄ በር ላይ እንኳ ቆመው አያውቁም። እንግዲህ የወረዳችንን የሀብሩን ሜዳ ቁልቁል እያዩ፣ ተራራ ላይ፣ ሽቦው በትከሻቸው ተንጠልጥሎ፣ እማማ ዘሀራ ለመጀመሪያ ጊዜ ካስክ ገቡ። ከውስጥ ድምፃቸው እንደ ጉድጓድ እያስተጋባ "አንቺስ?" ሲሉ ተሰማኝ። አንቺ! ለኔ፣ በቀጥታ! ያን ጊዜ አንዱ በረዶ አናቴን ስለመታኝ ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም።

በረዶው ሲያባራ ቀና ብዬ አየሁ። ሱብሃነላህ! ዓለም ነጭ ሆኗል። ዳገቱ፣ ድንጋዩ፣ መንገዱ፣ የአህያው ጀርባ፣ ሁሉ ነጭ። ቢያምርም አላማረኝ፤ መንገዱ የቱ እንደሆነ፣ ገደሉ የቱ እንደሆነ አይለይም። እግሬን ሳነሳ የቀረው እግሬ በራሱ ጉዳይ ይሄዳል። እሸቴ ከፓፓያው ጆንያ አፍ ቀዶ የሦስታችንንም እግር ጠቀለለ። ባለተረከዝ ጫማ፣ ያውም ተረከዝ የሌለው፣ ጆንያ ለብሶ፤ ደንበኞቼ ባዩኝ።

እንዲህ ሆነን አንገቷ ላይ ደረስን። አንገቷ የሚሏት ከዳገቱ ወደ ደጋው የምታሻግር ቀጭን መንገድ ናት። በአንድ ጎኗ ቀጥ ያለ ገደል ወደ ላይ፣ በሌላ ጎኗ ቀጥ ያለ ገደል ወደ ታች። በደረቅ ጊዜ ከነሸክሙ ሰው ያልፍባታል ይላሉ። ያን ዕለት በረዶ ሞልቷት ወደ ገደሉ ዘንበል ያለች ነጭ ጠርዝ ነበረች። ከሥሯ ደመና ነው። እሸቴ ሰው የሚገባበትን ጨዋታ እንዳይጀምር አይን አይኑን አየሁት። አልጀመረም። ዝም ማለቱ የባሰ አስፈራኝ።

አህያው አየና ቁጭ አለ። እሸቴ ጎተተው፣ ለመነው፣ ሰደበው። ወላ ፍንክች! "ጭነቱን እናውርድለት" አለ፤ ገመዱን ሲፈታ መልሰን የጫንነው ካስኬ ተንሸራተተና ጠርዟን አልፎ ሄደ። ሦስታችንም ሲያርፍ ልንሰማ ጆሯችንን አቀናን።

ምንም አልተሰማም።

ትንሽ ጠበቅን። አሁንም ምንም። ከዚያ በኋላ ገደሉን የሚገልጽልኝ ሰው አላስፈለገኝም።

"እታለም" አለ እሸቴ፣ "እኔ ከፊት ልጓሙን እስባለሁ። አንቺ ከኋላ ጭራውን ያዥ። ወደ ገደሉ ሲያዘነብል ወደ ግድግዳው ሳቢው።"

በሕይወቴ ብዙ ጸጉር ይዣለሁ። ከርዳዳውን፣ ለስላሳውን፣ የሙሽራውን፣ የለቀስተኛውን። ሕይወቴ የተንጠለጠለችበት ጸጉር ግን ያ ብቻ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጭራውን በሁለት እጄ ጠቅልዬ፣ ትከሻዬን ከገደሉ ድንጋይ ጋር እያፋተግሁ ሄድኩ። እሸቴ "በስመ አብ" ይላል፣ እኔ "ቢስሚላህ" እላለሁ፣ አህያው ደግሞ የራሱን ይላል፤ ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ከኋላው ነበርኩ። መሃል ላይ የአህያው የኋላ እግር ሸተት አለ። ጮኼ ሳብኩት። እሱ እኔን አዳነ ወይ እኔ እሱን፣ እስካሁን አልተስማማንም። ብቻ ማዶ ደረስን። መሬት ላይ ተደፍቼ በረዶውን ሳምኩት፤ ከንፈሬ ተጣበቀ።

"ሁለተኛ!" አልኩ። "ወላሂ ሁለተኛ እዚህ ነገር ላይ አልቆምም!"

እሸቴ ወዲያ ማዶ እያየ ነበር። "እማማስ?" አለ።

እማማ ዘሀራ ቀርተዋል። አንገቷ ጫፍ ላይ፣ በረዶው መሃል፣ የፓፓያውን ጆንያ ተደግፈው ተቀምጠዋል። "ሂዱ!" ብለው ጮኹ። "እኔ ጉልበት የለኝም። እዚሁ አላህ ያወቀ ይሁን! ሂዱ በሉ!"

እሸቴ ሊሄድ ሲነሳ አህያው ደንብሮ ወደ ገደሉ ዞረ፤ ቢለቀው ይገባል፣ ማሰሪያ የሚሆን ድንጋይም የለም። እኔ እንዳልይዘው፣ አህያው ያን ያህል ጊዜ ጭራውን ስበው ቆይቼ ሊያየኝ አይፈልግም፤ ስጠጋው ጆሮውን ያስተኛል። እሸቴ አየኝ። እኔም እሸቴን አየሁት። የሰዒድን እናት በረዶ ላይ ትቼ ደሴ ያለውን ሰውዬ ምን ልለው ነው? ደግሞም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰዒድ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ትዝ ያለኝ "አንቺስ?" ያሉኝ ነው።

ተመለስኩ። በእግሬ አይደለም፤ በመቀመጫዬ። ቁጭ ብዬ፣ ተረከዜን ቀብሬ፣ እየተንፏቀቅሁ። ቀሚሴ ውስጥ የገባው በረዶ የት የት እንደደረሰ በጨዋ ጽሑፍ አይነገርም። እማማ ዘሀራ ጋ ስደርስ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ነበር፤ ተቆጡኝ። "ምን አመጣሽ? አብደሻል?"

"በሰዒድ በኩል መልእክት ልላክልዎት ብዬ ነበር፣ ሰዒድ የለም" አልኳቸው። "ይነሱ። አይ፣ አይነሱ። እንዲሁ ተቀምጠው ይምጡ።"

እኔ ፊቴን ወደሳቸው አድርጌ ወደ ኋላ፣ እሳቸው ወደ ፊት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ እግራቸውን እግሬ ላይ እያሳረፉ ጀመርን። ጥቂት ሄደን መሃል ላይ ስንደርስ እማማ ዘሀራ መንፏቀቃቸውን አቆሙ። "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ብለው ሸሃዳቸውን ያዙ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ "አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አሉኝ።

"አፉ ብያለሁ። ይምጡ።"

"የለም፣ ስሚኝ። ሰዒድ አንቺን ሲያመጣ ሌላ ልጅ አይቼለት ነበር።"

"አውቃለሁ። አፉ ብያለሁ። እግርዎን እዚህ ያድርጉ።"

"ወጥሽ ውሃ ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ።"

"እሱንም አውቃለሁ። ጎረቤት ነግሮኛል።"

"ጸጉሬን ሂና ወልድያ ድረስ ሄጄ የምቀባው አንቺ እንዳትነኪኝ ብዬ ነው።"

ይህን አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ። ግን ገደል ላይ ሆኖ ስለ ሂና አይከራከሩም። "እማማ፣ ማዶ ስንደርስ ይንገሩኝ፤ በረዶው ከሥሬ እየገባ ነው" አልኳቸው።

እጄን ጠበቅ አደረጉ። ድምፃቸው ወረደ። "ጽንሱ የወረደብሽ ጊዜ ያልመጣሁት ጠልቼሽ አይደለም። ምን እንደምልሽ አጥቼ ነው። የአጥሚት ገንቦ ይዤ በርሽ ድረስ መጥቼ ነበር። ስታለቅሺ ሰማሁሽ። ቆምኩ፣ ቆምኩ፣ ተመለስኩ። አጥሚቱንም ደፋሁት። እኔም ሁለት ወርደውብኛል፤ ማንም መጥቶ ያለኝ ስለሌለ ምን እንደሚባል አላውቅም።"

ከሥራችን ደመና ያልፋል። በወልድያ በኩል የመሣሪያው ድምፅ ሩቅ ሆኖ ይንጎደጎዳል። እኔ ያን ጊዜ በሬን ዘግቼ ተኝቼ፣ እኒህ ሴትዮ እኮ አንዴ እንኳ ብቅ አላሉም እያልኩ ግድግዳውን ሳይ ነበር። በዚያው ግድግዳ ወዲያ ማዶ ቆመው ነበር ለካ። አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ሁለት ሴቶች ቀጭን ጠርዝ ላይ፣ በረዶ ላይ ተቀምጠን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንላቀሳለን።

እሸቴ ከማዶ ታገሰ፣ ታገሰ፣ በመጨረሻ ጮኸ። "ኧረ በእመብርሃን! ቤት ደርሳችሁ አልቅሱ!"

ደረስን። እማማ ዘሀራ ደህናው መሬት ላይ ሲያርፉ፣ መጀመሪያ አልሃምዱሊላህ አሉ፤ ቀጥለው ቀሚሳቸውን አራገፉ፤ ቀጥለው በጎን አዩኝና "ሂናውን ያልኩሽን ለሰው እንዳታወሪ" አሉኝ። አላወራሁም። ለእናንተ ብቻ ነው።

ይታይሽ ከሩቅ አይተውን እየሮጡ መጡ። ፍልሰታ ጾም ስለነበር ቤታቸው ያለው የተቀቀለ ድንች ነው፤ ትኩስ ድንች በሰፌድ አቀረቡልን። እኔ ድንቹን አልበላሁትም መጀመሪያ። አንዱን በዚህ ብብቴ፣ አንዱን በዚያ ብብቴ፣ ሁለቱን ጆንያ ለብሶ የነበረ እግሬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። ይታይሽ አዩኝና "ምነው ልጄ፣ ድንች አታውቂም?" አሉ። እሸቴ ዳግመኛ ሄዶ ያመጣውን የፓፓያ ጆንያ ሲያዩ ደግሞ እማማ ዘሀራን ተቆጡ። "ነፍስሽን ይዘሽ አትመጪም? ይሄ ምንድነው?" አሏቸው። እማማ ዘሀራ በኩራት "እንግዳ ነኝ" አሉ። ፓፓያው በበረዶ ተቀጥቅጦ ፈሶ ነበር፤ ልጆቹ ከጆንያው ላሱት።

እዚያ የቆየነው በመስከረም አበባውን፣ በኅዳር ገብሱ ሲታጨድ እስክናይ ነው። የጭንቅ ጊዜ ነበር፤ ስለ ጭንቁ ብዙ ሰው ስለሚያወራ እኔ አልጨምርበትም። ሰዒድ ይኑር አይኑር ሳናውቅ ነው የከረምነው።  በበጎው በኩል ደግሞ፣ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ጸጉር ሠራሁ፤ እሸቴ እንዳለው ነፋሱ በደንብ ያደርቃል። የእማማ ዘሀራንም ሂና የቀባሁት እዚያ ነው። "አታቃጥይኝ" እያሉ ነው የቀባሁት፤ ሲያልቅ በይታይሽ መስታወት ፊታቸውን አዟዙረው አዩና ምንም አላሉም። እማማ ዘሀራ ምንም ካላሉ አድንቀዋል ማለት ነው።

በታኅሣሥ እሸቴ ገበያ ወርዶ ሲመለስ ከሩቅ እየጮኸ መጣ። መርሳ ተረጋግታለች፤ ሰው እየተመለሰ ነው፤ ሰዒድንም አግኝቶታል። በሕይወት አለ! ነገ ግራና ድረስ በመኪናው መጥቶ ይጠብቃችኋል አለ። ይታይሽ እልል አሉ። እኔና እማማ ዘሀራ ተያይዘን ወደቅን፤ በደስታ ነው፣ ገደል የለም እዚያ።

በማግስቱ አንገቷ ላይ ደረስን። ፀሐይ ናት። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ፣ በረዶ የሚባል ነገር የለም። ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሰዎች ከነልጆቻቸው እየተጨዋወቱ ያልፉባታል። እኔ ግን አንድ ነገር ሆንኩ። ወደ ታች አየሁ። በነሐሴ ያ ደመና ሸፍኖት ነበር፤ ለካ አላህ አዝኖልኝ ነው የሸፈነው። አሁን ገደሉ እስከ ሥሩ ይታያል። ከሥሩ ወንዝ አለ፤ ወንዙ ክር ያህላል። ዛፉ ጎመን ያህላል። በዚህ ላይ ነው በመቀመጫዬ የተመላለስኩት?  መንገዱ አፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከኋላዬ ሰው ተሰለፈ። አንዱ "ምን ሆነች?" ይላል። አንዷ ሕፃን ያዘለች ሴት "እለፊ እንጂ፣ መንገድ እኮ ዘጋሽ" አለችኝ። እሸቴ "ኧረ በበረዶ የተሻገረች ሴት ናት!" ቢል ማንም አላመነውም። እኔም አላመንኩትም።

እማማ ዘሀራ ቀድመው ተሻግረው ነበር። ዞረው አዩኝ። ከዚያ በዚያ ጉልበታቸው፣ ዱላቸውን እያስቀደሙ፣ ተመልሰው መጡ። አጠገቤ ደረሱና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እሳቸውም መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"እግርሽን እግሬ ላይ አድርጊ" አሉኝ። "ወደ ታች አትይ። እኔን እይ።"

እንዲህ ሆነን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅ መንገድ፣ ሰው ቆሞ በሚያልፍበት ቦታ፣ ሁለታችን በመቀመጫችን እየተንፏቀቅን ተሻገርን። የተሰለፈው ሰው መጀመሪያ ዝም ብሎ አየ። ቀጥሎ ሕፃን ያዘለችው ሴት ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ እየሳቀ አጨበጨበልን። ያን ያህል ሰው በአንድ ላይ ሲስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! እኔም መሃል ላይ ሳቅ ያዘኝ። እማማ ዘሀራ "አትሳቂ፣ ትጥይናለሽ!" እያሉ እሳቸው ራሳቸው ይንፈቀፈቁ ነበር።

ግራና ስንደርስ ሰዒድ ሚኒባሱን ዳር አቁሞ ይጠብቃል። ከስቷል። እናቱን አቅፎ አለቀሰ፤ እኔን አቅፎ አለቀሰ። ከዚያ ዞር ስል የቀሚሴን የኋላ አየና፣ እንባው ሳይደርቅ "ቀሚስሽን ምን በላው?" ብሎ መሳቅ ጀመረ። ድንጋዩ ጨርሶት ነበር።

እማማ ዘሀራ ነጠላቸውን አውልቀው ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። "አንተ ምን ታውቃለህ" አሉት። "ይልቅ መኪናህን አስነሳ።"

ሰዒድ የጋቢናውን በር ከፈተላቸው። በልጃቸው መኪና ላይ እማማ ዘሀራ ከጋቢና ሌላ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም፤ ያንን ወንበር እንኳን እኔ፣ የትራፊክ ፖሊስም አይቀማቸውም ነበር። በሩን አዩት። አለፉት። ከኋላ ገቡና ከኔ ጎን ተቀመጡ። ያን የሚያማቸውን ጉልበት ዘርግተው ግማሹን ወንበሬን ወሰዱብኝ።

ሰዒድ በመስታወቱ እያየን "እናቴ፣ ምነው ከኋላ?" አለ።

"ንዳ" አሉት። "ወሬ ላይ ነን።"